ከቡፌው መስታወት ኋላ

ሱቄን የዘጋሁት በዓይኔ ምክንያት ነው። እጄ ገና አልከዳኝም። ግን የጌም ማሽን ሰሌዳ ላይ ያለችውን፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ዕቃ በአጉሊ መነጽር እንኳ ለይቶ ማየት አቃተኝ። አንድ ቀን አጣምሜ የበየድኳትን ደንበኛው ራሱ አየና "ጋሽ አሰፋ፣ ይቺ ነገር ጠማማ አይደለችም?" አለኝ። ጠማማ ነበረች። በዚያው ሳምንት መበየጃውን፣ መፍቻዎቹንና የሙቅ አየር መንፊያውን በካርቶን አሸግሁና መካነ ሰላም ገበያ አጠገብ የነበረችኝን የኪራይ ሱቅ ለባለቤቷ አስረከብኩ።

የመጨረሻ ሥራዬ መፍቻ እንኳ አላስነሳኝም። አንድ መምህር የልጆቹ ጌም እየጮኸ እንደሚጠፋ ነግሮኝ ቤቱ ሄድኩ። ማሽኑ ከታች ስታብላይዘር፣ ከላይ የዲሽ ሪሲቨር፣ ግራና ቀኙን ድምፅ ማጉያ ይዞት፣ ጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተቀምጧል። ስታብላይዘሩም ሪሲቨሩም የየራሳቸው ሙቀት አላቸው፤ ጌሙ የሚስበው አየር የእነሱ ትኩስ ትንፋሽ ነበር። አውጥቼ ባዶ ዱካ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከጀርባው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተውኩለት፤ የአየር ቀዳዳዎቹን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ። የመምህሩ ባለቤት "በቃ? ይኸው ነው?" አሉ። ይኸው ነው። ሻይዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

እዚህ ከተማ "ሳሎን ሳያይ የማይሠራው ሽማግሌ" ይሉኛል። ይበሉ። ይህን ልማድ በወጣትነቴ ተምሬው ነበር፤ መሃል ላይ ረሳሁት። የረሳሁበትን ዋጋ የከፈለችው ደግሞ እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ናት። ይህን የምጽፈውም ስለ እሷ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ጥፋቴ ልኩን አያሳይም።

ሙያውን የተማርኩት ደሴ፣ ጋሽ ኑሩ ዘንድ ነው። ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በተካፈሏት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ይበልጥ የሚቀንስ ሰው ነበሩ። ዕቃ ሲመጣላቸው ወዲያው አይከፍቱም። የእጃቸውን ጀርባ ሽፋኑ ላይ ያሳርፉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፤ መዳፍ በሥራ ይደነድናል፣ የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም ይሉ ነበር። ከዚያ ባለቤቱን አንዲት ነገር ይጠይቃሉ፦ "ቤቷ የት ነው?" የሰውየውን ቤት ማለታቸው አይደለም። ሬዲዮዋ የምትቀመጥበትን ቦታ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ነው፣ መስኮት ሥር ነው፣ ሳጥን ውስጥ ነው?

ብሎኖችን የሚፈቱበት መንገድም የራሳቸው ነበር። ካርቶን ላይ የዕቃውን ቅርጽ በእርሳስ ይስሉና እያንዳንዱን ብሎን የወጣበት ቦታ ላይ ይሰኩታል። እኔ ሁሉንም በአንድ ጣሳ ስከትት ያዩኝ ቀን ጣሳውን አንስተው መሬት ላይ ደፉት። "አሁን ልቀማቸውና የትኛው የየት እንደሆነ ንገረኝ" አሉኝ። ሳላውቅ አወቅሁ የምል ሲመስላቸው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይሉኛል፤ እኔም አኮርፋለሁ።

አንድ ጊዜ ከኩታበር የመጣ ሬዲዮ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። ባለቤቱ ገበሬ ነው፤ ተማርሯል፤ "ካልቻላችሁ ንገሩኝና ልተወው" አለ። ጋሽ ኑሩ መፍቻ አላነሱም። ኮታቸውን ለበሱና "ተነስ" አሉኝ። ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ከወረድንም በኋላ ብዙ በእግር ሄደን ገበሬው ቤት ደረስን። ሬዲዮው የሚንጠለጠልበት ምስማር የተመታው ከእሳቱ ትይዩ፣ ጭሱና ወላፈኑ ቀጥ ብሎ በሚወጣበት ምሰሶ ላይ ነበር። ጋሽ ኑሩ ምስማሩን ነቅለው ወደ በሩ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ መቱት። ስንመለስ "ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ምስማሩ ነበር" አሉኝ። ያ ሬዲዮ ከዚያ ወዲያ እኛ ዘንድ አልመጣም።

ጠግነው ሲጨርሱም ዕቃውን ክፍት ጠረጴዛ ላይ አይፈትኑትም። ሳጥን ውስጥ የሚኖር ከሆነ ሳጥን ይፈልጉና ከተውት ግማሽ ቀን ያስጮኹታል። ዕቃ በሚኖርበት ኑሮ ካልተፈተነ አልተፈተነም ይሉ ነበር። ለእኔ ያ ሁሉ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንዲያ እየሠሩ ኖረው አንድም ሰው "ኑሩ ዋሸኝ" ሲል አልሰማሁም።

ከእሳቸው ዘንድ ወጥቼ የመንግሥት ቴክኒሻን ሆንኩ። ሥራዬ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ ትምህርት የሚተላለፍባቸውን ፕላዝማዎች መጠገን ነበር። በጭነት መኪና ጋቢናም በጭነቱ ላይም ሄጃለሁ፤ ማሻ የምትባል ሩቅ ከተማም ከርሜያለሁ። ደመወዙ ከወር ወር የሚያደርስ አልነበረም። ለአንዲት ፊውዝ ሦስት ፊርማ ይጠየቃል። ሥራውን ግን እወደው ነበር።

አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ፕላዝማዎቹ ተራ በተራ እየተቃጠሉ አስቸገሩ። የንብረት ኃላፊው፣ ስርቆት የፈራ ሰው ነው፣ ሁሉንም ወፍራም የብረት ሳጥን አሠርቶ ቆልፎባቸዋል። ሳጥኑ ከፊት ብቻ ነው የሚከፈት፤ ሌላ መተንፈሻ የለውም። "ሳጥኑን እንብሳው" አልኩት። "የመንግሥት ንብረት ነው፤ በደብዳቤ ጠይቅ" አለኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። በራሴ ሥልጣን መሰርሰሪያ ይዤ ገባሁና ላይና ታቹን በሳሁት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ፕላዝማዎቹ ግን መቃጠላቸውን አቆሙ። ያንን ማስጠንቀቂያ ለብዙ ዓመት እንደ ምስጋና ወረቀት ለሰው ሳሳይ ኖሬያለሁ። እንዲያ ያለ ኩራት ነበረብኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ከመንግሥት ሥራ ለቅቄ መካነ ሰላም ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ነበር የሚመጣልኝ። ኋላ ከዓረብ አገር የሚመለሱ ልጆች ጌም ይዘው መምጣት ጀመሩ። የጌም ቤት በየሰፈሩ ተከፈተ፤ ጎረምሳው በጨዋታ እየከፈለ ኳስ ይጫወታል። ማሽኖቹም ወደ እኔ ይጎርፉ ጀመር። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፦ "ጋሽ አሰፋ፣ ይህ ደጋ ነው፤ እኛ በጋቢ እየተንቀጠቀጥን እሱ ምን ያግለዋል?" ነገሩ እንዲህ አይደለም። ማሽኑ የሚታፈነው በራሱ ሙቀት ነው። በዚያ ላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ቆላ ላይ ከሚዞረው እኩል ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የመንገዱን አቧራ ጨምሩበት። ደጋ ያለ ማሽን እንዲያውም የበለጠ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ዘሀራ የመጣችው ይህን ሁሉ በማውቅበት ጊዜ ነው።

ዘሀራ የሰፈራችን ልጅ ናት። ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ሪሃና የምትባል ሕፃን ልጇን ለእናቷ ለእትዬ ሞሚና ትታ ዓረብ አገር ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ስትመለስ ልጅቱ አላወቀቻትም። "አክስቴ" እያለች ስትጠራት ሰንብታ፣ እማ ማለትን የለመደችው ቀስ በቀስ ነው። ዘሀራ መጀመሪያ እማ የተባለች ቀን ነው "ዳግመኛ አልሄድም" ብላ የማለችው። በያዘችው ሁሉ ሦስት የጌም ማሽንና ሦስት ቴሌቪዥን ገዝታ የእናቷን ሳሎን ጌም ቤት አደረገችው። ጌም ቤቱ ከሠራ ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ ካልሠራ ተመልሳ ትሄዳለች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ማሽኑን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች።

"እንዴት ዋሉ ጋሼ? ዓይን በላብኝ" አለችኝ።

"ምን ሆነ?"

"እንደ ወፍጮ ይጮህና ድርግም ይላል።"

ከፈትኩት። ፋኑ በአቧራ ታፍኗል፤ በዋናው ቺፕና ሙቀቱን በሚስበው ብረት መካከል የሚቀባው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ተፈርፍሯል። ጠረግሁት፤ አዲስ ቅባት በስሱ ቀባሁት፤ ብሎኖቹን በጋሽ ኑሩ ካርቶን መሠረት መለስኩ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ አጫወትኩት። ጠረጴዛዬ ደግሞ በሩ አጠገብ ነው፤ የመካነ ሰላም ንፋስ ቀኑን ሙሉ ይገባበታል። እንዲያ ባለ ቦታ የትኛውም ማሽን ደህና ይመስላል። "ድኗል" ብዬ ሰጠኋት። "ቤቱ የት ነው?" አላልኳትም።

ወር እንኳ ሳይሞላ ሁለተኛውን ይዛ መጣች። ያው ሕመም ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ተቀምጠዋል።

"ወላሂ ዓይን ነው ጋሼ" አለች። "ሰዉ ገብቶ ሲያያቸው ደስ አይለኝም። እኔም እኮ ለዚያ ብዬ..."

አላስጨረስኳትም፤ ሳቅሁ። "ዓይን ደግሞ ፋን ያቆማል እንዴ? ይልቅ አቧራሽን ጥረጊ!" አልኳት። ደንበኞቹም አብረውኝ ሳቁ። ዘሀራ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። ለዚያ ብላ ምን እንዳደረገች ብጠይቃት ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የዓይን ወሬ እሰማለሁ? ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ዓይን አንድም ቃል አልተነፈሰችልኝም። ስለ ቤቷም እንዲሁ።

ሦስተኛው ሲመጣ ነገሩ ከፍቶ ነበር። ቺፑ ከሰሌዳው ጋር የተያያዘባቸው የብየዳ ነጥቦች በሙቀት ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። ሙቅ አየር ሲነፉበት ብየዳው ቀልጦ ይገጥማል፤ ማሽኑም ይነሳል። ግን ይህ ሕክምና እንዳልሆነ ሠሪው ሁሉ ያውቃል። ለጥቂት ሳምንት ነፍስ መዝራት ነው፤ ያሰነጠቀው ምክንያት እስካለ ድረስ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ነፋሁበት። ተነሳ። ዘሀራ በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"ይቆይልኛል ጋሼ?"

"አብሽሪ" አልኳት።

አይዞሽ እንደ ማለት ነው፤ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ለስንት ሰው ብያለሁ። ለታመመ ይባላል፣ ላዘነ ይባላል፤ ጥሩ ቃል ነው። እኔ ግን የማላምንበትን ነገር መሸፈኛ አደረግሁት። ጉልበቴን ያመኝ ነበር፤ ቤቷ ዳገቱ ላይ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ወረፋ አለ። ሰበብ መች ጠፍቶ ያውቃል። ጋሽ ኑሩ ቢሆኑ ኮታቸውን ይለብሱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ሞቱ። ተጫዋቹ ወደ ሌላ ጌም ቤት ሄደ። ዘሀራ አንድ ቀን ባዶ እጇን ሱቄ በር ላይ ቆመች። ልትሰናበተኝ ነው።

"እንግዲህ አላህ ያለው ነው" አለች። "ሪሃናን አደራ። ስታልፍ ስታገድም ጠይቁልኝ።"

አልተቀየመችኝም። ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሄደች ስድስት ወር ያህል ሲሆናት እትዬ ሞሚና ሪሲቨሩ ምስል አልሰጥ አላቸውና ላኩብኝ። በዚያ ጊዜ ነው ያን ሳሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ሪሲቨሩ ያለው ቡፌው ውስጥ ነው፤ ትልቅ፣ ደሴ የተሠራ፣ ባለ መስታወት በር፣ ቁልፍ ያለው ቡፌ። እትዬ ሞሚና ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ከፈቱልኝ።

ሦስቱም ማሽኖች እዚያው ነበሩ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው፣ ከሪሲቨሩና ከስታብላይዘሩ ጋር በአንድ መደርደሪያ። መጀመሪያ ዳንቴል ለብሰዋል፤ በዳንቴሉ ላይ ወፍራም የከፋይ ጨርቅ፤ በከፋዩ ላይ ደግሞ ፎጣ ታጥፎ ተነጥፏል። ፎጣው የመጨረሻው ማሽን ሲታመም የተጨመረ መሆኑን እትዬ ሞሚና ነገሩኝ። ክታብም ነበር፤ በፕላስተር የተለጠፈው ልክ ትኩሱ አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ነው። ገመዶቹ የሚወጡት በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነው። መስታወቱ ተዘግቶ፣ ተቆልፎ፣ ውጭ ልጆቹ እየተጫወቱ ማሽኖቹ በውስጥ ይቀቀሉ ነበር። የቡፌው ጣራ ፎርማይካ አብጦ ተላቅቋል።

"የሰው ዓይን እንዳያያቸው ነው" አሉ እትዬ ሞሚና። "ልጄ ስንት መከራ ያየችበት ዕቃ እኮ ነው። አንዱ ሲታመም ጊዜ ደርበን አለበስናቸው። ያችን ጎረቤታችንን ጠርጥረን ሰላምታ እንኳ ትተናል።"

ፎጣውን አንስቼ በእጄ ያዝኩ። ያ የብረት ሳጥን ትዝ አለኝ፤ ያ የምኮራበት ማስጠንቀቂያ። የማላውቀውን ሰው ሳጥን ለመብሳት መሰርሰሪያ ይዤ ገብቼ፣ እዚህ ግን መንደሬ ውስጥ አንዲት ጥያቄ ከአፌ አልወጣችም። እዚያ ሳሎን ውስጥ አፈርኩ፤ አልቅሼም ነበር።

"እትዬ ሞሚና" አልኩ፤ "ዓይን አይደለም። ጨርቁ ነው። አየር አጥተው ነው የሞቱት። ሴትዮዋ ምንም አላደረገቻችሁም።"

ፎጣውን ከእጄ ወስደው አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት፤ እንደገና አጠፉት።

"ያ ረቢ!" አሉ በቀስታ። "ዘሀራስ ይህን ታውቃለች?"

"አታውቅም። እኔም ዛሬ ነው ያየሁት። ማየት የነበረብኝ ግን የዚያን ጊዜ ነበር።"

"እንግዲያ አንተው ንገራት። እኔ አልችልም። ጁምዓ ከሰዓት ትደውላለች።"

ጁምዓ ሄድኩ። በማለዳ እትዬ ሞሚና ጎረቤታቸውን ይቅርታ ጠይቀው፣ እሷም አብራ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ስልኩ ሲጠራ እትዬ ሞሚና ሰላምታቸውን አደረሱና ለእኔ ሰጡኝ።

"ጋሼ! ደህና ነዎት? ቤት ሁሉ ሰላም ነው? ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

"ደህና ነኝ ልጄ። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።" ነገርኳት። ቡፌውን፣ ጨርቁን፣ አየሩን፣ አንድ ሳላስቀር።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

"አለሁ" አለች። "እኔ ነኛ። በገዛ እጄ አፍኜ ገደልኳቸው።"

"አይደለም። አንቺ ሦስት ጊዜ ተሸክመሽ እኔ ዘንድ መጥተሻል። ሦስት ጊዜ የት እንደሚቀመጡ አልጠየቅሁሽም። አንዴ ልትነግሪኝ ስትጀምሪ ሰው ፊት ሳቅሁብሽ። መጨረሻ ላይም እንደማይቆይ እያወቅሁ አብሽሪ አልኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው ዘሀራ። አፉ በይኝ።"

"አፉ ብያለሁ ጋሼ። ከልቤ።" ትንፋሿ ይሰማኛል። "እዚህ የማዳም ልጆች ጌም አላቸው። ሳሎኑ መሃል፣ ክፍት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። የመጣሁ ሰሞን ንጹሕ ጨርቅ ፈልጌ አለበስኩት። ማዳም አይታ ጮኸችብኝ፤ 'ሁለተኛ እንዳትሸፍኚው!' አለችኝ። እኔ ደግሞ ሀብታም ለካ ዓይን አይፈራም ብዬ ጨርቁን አነሳሁ።"

ከወዲያ በኩል የሆነ ሰው ስሟን ሲጠራ ሰማሁ።

"ልሂድ ጋሼ፤ እየጠሩኝ ነው" አለችና ዘጋችው።